ቅጠል የሚያረግፉ አበቦችን ማዳበሪያ መቼ መቼ እንስጣቸው? (ለገጣፎ፣ ጥቁር አፈር)

የለገጣፎዋ — የካቲት 4

ሰላም ለቤቱ! ለገጣፎ ቤት ገዝተን ገና መግባታችን ነው። የድሮው ባለቤት አበባ ወዳድ ነበሩ መሰለኝ፣ ግቢው በጽጌረዳ የተሞላ ነው። አጥሩ ሥር ሮማኖች አሉ። ጥላ ያለበት ጥግ ላይ ደግሞ ሃይድራንጃ። ሮማኑ ጥር ላይ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ቀርቶ ነበር፤ የሞተ መስሎኝ ላስነቅለው ነበር ማለት ይቻላል። አሁን ቀላ ያለ ቡቃያ እያወጣ ነው። ሃይድራንጃውም ጫፍ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ነገር ማሳየት ጀምሯል። ጽጌረዳውን አትክልተኛው ገርዞታል።

ጥያቄዬ ማዳበሪያው ላይ ነው። አትክልተኛው "በየሁለት ሳምንቱ ዩሪያ ጣል ጣል እናድርግበት" ይላል። ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ "ፍግ ብቻ፣ እሱንም ክረምት ሲገባ" ይላሉ። የባለቤቴ ወንድም ከአሜሪካ የላከልን የማዳበሪያ እሽግ ላይ የተጻፈው ሌላ ነው፣ "ማርች አንዴ፣ ጁን አንዴ፣ ከኦገስት በኋላ አትስጡ" ይላል። ማንን ልስማ? አፈሩ ጥቁር ነው። አሁን ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው።

ጽጌ ከሱሉልታ — የካቲት 4

እንኳን ደስ አላችሁ ልጄ፣ የበረከት ቤት ያድርግላችሁ።

ጎረቤትሽ ፍጉ ላይ ልክ ናቸው፣ ጊዜው ላይ ግን አልስማማም። ክረምት እስኪገባ ከጠበቅሽ ተክሉ አንዴ ተነስቶ ሄዷል። ቡቃያው ሲያብጥ ነው መስጠት። አንቺ ጋ አሁን ማለት ነው። የበልግ ዝናብ ከጣለ እሰየው፣ ካልጣለ በጎማ ውሃ አጠጥተሽ ስጪ።

ፍጉ የቆየ ይሁን። ትኩስ እበት አይደለም። በእጅሽ ስታፈርሺው እንደ አፈር የሚፈረፈር፣ ሽታው የጠፋ መሆን አለበት። እኔ ጋ ላም ያለው ጎረቤት አንድ ጆንያ ሙሉ ፍግ በቀላሉ ይሰጠኛል፣ ለገጣፎም ከብት ያለው ሰው አታጪም። ግንዱ ሥር አትከምሪው። ቅርንጫፉ እስከሚደርስበት ድረስ ሂጂና እዚያ ዙሪያውን አፈሩን በስሱ ኮትኩተሽ፣ ፍጉን ሁለት ሦስት ጣት ያህል አልብሰሽ፣ ውሃ አጠጪው። ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ያሉት ከግንዱ ራቅ ብለው ነው። ስትኮተኩቺ ደግሞ በዶማ እንዳትቆፍሪ፣ እነዚያኑ ሥሮች ትቆርጫቸዋለሽ።

ሃይድራንጃውን እንዳይገርዘው ብቻ ለአትክልተኛሽ ንገሪው። የተለመደው ዓይነት ከሆነ ዘንድሮ የሚያብበው ባለፈው ዓመት ባደገው እንጨት ላይ ነው። ጫፉን ከቆረጠው አበባውን ቆረጠው ማለት ነው። ከዚያ ማዳበሪያ ብትከምሪበትም የምታገኚው ቅጠል ነው።

የአፈር ሰው — የካቲት 5

እማማ ጽጌ ዋናውን ተናግረዋል። እኔ ምክንያቱን ልጨምር፣ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ካላንደር አያስፈልገውም።

እህቴ፣ የአትክልተኛሽ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አበባ እርሻ ሠርቶ ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ እንዲያውም አንሶበታል። ሆለታና ሰበታ ያሉት እርሻዎች ማዳበሪያውን በውሃ አቅጥነው ቶሎ ቶሎ፣ አንዳንዴ በየቀኑ ይሰጣሉ። ግን እዚያ ፕላስቲክ ቤት አለ፣ የጠብታ መስኖ አለ፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ጽጌረዳው ከነዘንጉ እየተቆረጠ አውሮፕላን ላይ ይጫናል። ይዞት የሄደው ምግብ መተካት አለበት። ያንቺ ጽጌረዳ ቅጠሉንም አበባውንም የሚያራግፈው እዚያው ግቢሽ ውስጥ ነው። ፍላጎቱ በጣም ትንሽ ነው።

ቅጠል የሚያረግፍ ተክል ሲያርፍ ምንም አይበላም ማለት ይቻላል። ቅጠሉን ከማራገፉ በፊት ናይትሮጅኑን ስቦ ግንዱና ሥሩ ውስጥ ያስቀምጠዋል። የበልጉ የመጀመሪያ ቡቃያ የሚወጣው በዚያ ስንቅ ነው። የእኛ ማዳበሪያ የሚያስፈልገው ስንቁ ማለቅ ሲጀምር፣ ማለትም አዲሱ ቅጠል መዘርጋት ሲይዝ ነው። ያኔ ውሃም ሙቀትም ካገኘ ይስባል። ውሃ ከሌለ ማዳበሪያው ደረቅ አፈር ላይ ተቀምጦ ጨው ይሆንና ሥሩን ያቃጥላል።

መጠኑን እንይ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር የቁጥቋጦ መደብ በዓመት 10 ግራም ናይትሮጅን ጥሩ መነሻ ነው። ይህ 22 ግራም ገደማ ዩሪያ ማለት ነው። ሁለት ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ፣ ያውም ለዓመት! አንዱን ማንኪያ አሁን ቅጠሉ ሲዘረጋ፣ ሌላውን የመጀመሪያው ዙር አበባ ካለፈ በኋላ፣ ግንቦት መጨረሻ አካባቢ። ፍግ ከሰጠሽ ደግሞ ከዚህም ቀንሺ። ሮማኑ አንዴ ብቻ ይበቃዋል። ጽጌረዳው ደጋግሞ የሚያብብ ዓይነት ከሆነ ሁለተኛውን ዙር ይፈልጋል።

ዩሪያን ላዩ ላይ በትነሽ አትሂጂ። አፈር አልብሺው ወይም ወዲያው ደህና አድርገሽ አጠጪው። አለዚያ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፣ ገንዘብሽም አብሮት።

ሰፈረ ገነት — የካቲት 5

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ገበሬው ለጤፉ ዩሪያ አጥቶ ሲሰለፍ እኛ ለጽጌረዳ እንነጋገራለን? የአጎቴ ልጆች ባለፈው ክረምት የሆኑትን አይቻለሁ።

የአፈር ሰው — የካቲት 5

ቅሬታህ ልክ ነው። ለዚያም ነው መጠኑን በማንኪያ የጻፍኩት። ፍግ ያገኘ ሰው ዩሪያውን ጭራሽ ቢተወው ጽጌረዳው አይከፋውም።

አቃቂ ልጅ — የካቲት 5

የኔ አባት ዩሪያ በጭልፋ ነበር የሚሰጡት። ጽጌረዳቸው የሰው ቁመት አልፎ ጣሪያ ነካ። አበባ? ለዓይን። ክሽክሽ (ያ ቅጠል የሚመጠው ትንሽ ተባይ) ግን ከነቤተሰቡ ሰፍሮበት ነበር።

የአፈር ሰው — የካቲት 6

@አቃቂ ልጅ፣ ትክክል። ናይትሮጅን ሲበዛ ተክሉ ለስላሳ፣ ውሃ የሞላው ቅርንጫፍ ያወጣል። ክሽክሽ የሚወደው እሱን ነው። ቅጠሉ ላይ እንደ ዱቄት የሚነሰነሰው ነጩ በሽታም ቀድሞ የሚይዘው ያንኑ ለስላሳውን ነው።

የለገጣፎዋ — የካቲት 6

አቤት! ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አትክልተኛውን አነጋገርኩት፣ እውነትም አበባ እርሻ ሠርቶ ነበር። ፍጉን ጎረቤቴ እትዬ ሊያስመጡልኝ ነው።

ሦስት ነገር ልጨምር። የእንጀራ ምድጃ አመድ አለን፣ የቡና አተላ አለን፣ ሰፈራችን ዶሮ የሚያረባ ሰው ስላለ የዶሮ ኩስም በሽ ነው። የትኛው ይሻላል? አመዱንና ዩሪያውን ቀላቅለን ብናስቀምጠውስ?

የአፈር ሰው — የካቲት 6

አመድና ዩሪያ በፍጹም አይቀላቀሉ። አመድ የዩሪያውን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ ያጣድፈዋል፣ አፍንጫሽም ይነግርሻል። ለየብቻ፣ ሳምንታት አራርቀሽ ስጪ።

አመድ ጥሩ የፖታሲየምና የካልሲየም ምንጭ ነው። ግን የአፈርን ኮምጣጣነት ይቀንሳል። ያንቺ ጥቁር አፈር ብዙውን ጊዜ ኮምጣጣ አይደለም፣ ፖታሲየምም እምብዛም አያጣም። ስለዚህ በዓመት አንዴ እፍኝ እፍኝ ብትበትኚ ይበቃል። ሃይድራንጃው አጠገብ አመዱን ጭራሽ አታድርሺው። ቀይ አፈር ያላቸው ሰዎች ነገር ሌላ ነው፣ እነሱ ጋ አመድ ይበልጥ ይጠቅማል።

የዶሮ ኩስ ከላም ፍግ በጣም የበረታ ነው። ትኩሱን ከሰጠሽ ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ላይ ተቃጥሎ ታይዋለሽ። ከገለባ ወይም ከደረቅ ቅጠል ጋር አስቀምጪና ወራት ይቆይ።

የቡና አተላ ጥሩ ነው፣ ግን ተአምር አትጠብቂበት። በስሱ በትኚው። በወፍራሙ ከተከመረ ይጋገርና ውሃ አያሳልፍም። ኮምፖስት ውስጥ ብትጨምሪው ይሻላል።

ቡራዩ ሰማያዊ — የካቲት 8

ስለ ሃይድራንጃ ስትነጋገሩ አላስችል አለኝ። ቡራዩ ነኝ፣ አፈሬ ቀይ ነው፣ ሃይድራንጃዬ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበር። አንድ ችግኝ ሻጭ "አበባ የሚያበዛው ፎስፈረስ ነው" ብሎ ዳፕ የሚባለውን ማዳበሪያ አሸከመኝ። በቀጣዩ ዓመት አበባው ወይን ጠጅ ሆነ፣ ከዚያ ሮዝ። አበባው ደግሞ አልበዛም። ይህ ነገር የሚያያዝ ነው ወይስ አጋጣሚ?

የአፈር ሰው — የካቲት 8

ይያያዛል። ሃይድራንጃን ሰማያዊ የሚያደርገው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ለተክሉ የሚደርሰው አፈሩ ኮምጣጣ ሲሆን ነው፣ የእናንተ ቀይ አፈር ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ፎስፈረስ ሲበዛ አሉሚኒየሙን ጠፍንጎ ይይዘዋል። ዳፕ 18 በመቶ ናይትሮጅን፣ 46 በመቶ ፎስፌት (ፎስፈረሱ ያለበት ውህድ) ነው። በአንድ ወቅት እሱን የተካው ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያም 38 በመቶ ፎስፌት አለው። ሁለቱም ፖታሲየም የላቸውም። የተሠሩት ለእህል ነው።

"ፎስፈረስ አበባ ያበዛል" የሚለው ነገር ችግኝ ቤቱን ሁሉ የሞላ ወሬ ነው። አፈርህ ፎስፈረስ ካጣ መስጠት ይጠቅማል። ካላጣ ትርፉ አበባ አይሆንም። ሰማያዊህን ከፈለግህ ዳፑንም አመዱንም ኖራውንም አርቅ፣ ፍግና ኮምፖስት ብቻ። ይመለሳል፣ ጊዜ ግን ይወስዳል።

እህቴ የለገጣፎዋ፣ ያንቺው ሮዝ ሆኖ ቢያብብ አትደንግጪ። አፈርሽ ነው።

ዴንቨር ያለው — የካቲት 9

የእሽጉን ነገር እኔ ልመልስ፣ እዚህ እንዲህ ዓይነቱን እየገዛሁ ስለምጠቀም። የተጻፈው ለዚህ አገር ነው። እኛ ጋ በጸደይ መጀመሪያ አፈሩ ሲሞቅ እንሰጣለን። ከነሐሴ መጀመሪያ በኋላ ናይትሮጅን እናቆማለን፣ ምክንያቱም ዘግይቶ የወጣ ለጋ ቅርንጫፍ ሳይጠነክር ውርጭ ይደርስበታል። ላይላክ የሚባለውን ቁጥቋጦ እንደውም በዓመት አንዴ፣ አንዳንዴም ጭራሽ አንመግበውም፣ እሱ እንዲያውም ሲበላ ነው አላብብም የሚለው።

በነገራችን ላይ ላይላክ ወደዚያ ለመላክ የምታስቡ ካላችሁ ተዉት። ረጅም ብርድ ካላገኘ እንቡጡ አይነቃም።

ጽጌ ከሱሉልታ — የካቲት 9

ልጄ ዴንቨር፣ ያልከው እኛም ጋ ይሠራል፣ ወሩ ብቻ ይለያል። ሱሉልታ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የምናገኘው። መስከረም ከጠባ ወዲህ ዩሪያ አላስነካም። ከተማው ውስጥ ያላችሁት ብርዱ አይጠናባችሁም፣ ለገጣፎ ግን ሜዳ ነው፣ ተጠንቀቂ።

የለገጣፎዋ — ሰኔ 2

ክሩን ልቀስቅሰው። ፍጉን የካቲት ላይ ሰጠነው፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ለጽጌረዳው ብቻ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ ዩሪያ አፈር አልብሰን ጨመርን። የመጀመሪያው ዙር አበባ መንገደኛ የሚያስቆም ነበር። ሮማኑ ብርቱካንማ ቀይ አበባውን አፍርጦታል። ሃይድራንጃው እንደተባለው ሮዝ ሆነ! አትክልተኛው አሁን "ክረምቱ ዝናብ ያጥበዋል፣ ሐምሌ ላይ እንጨምር" እያለ ነው።

የአፈር ሰው — ሰኔ 2

እንኳን ደስ አለሽ። ዝናቡ ያጥበዋል ያለው እውነት ነው፣ ስለዚህም ነው ሐምሌ ላይ የማይሰጠው። የምትጨምሪውም ይታጠባል። ይልቅ አሁን ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ጉዝጓዝ አድርጊለት፣ ከግንዱ መዳፍ ያህል ራቅ አድርገሽ።

የለገጣፎዋ — ሐምሌ 21

እርዱኝ። ጽጌረዳው ቢጫ ሆነ፣ በተለይ በሩ አጠገብ ያሉት። ቅጠል እየጣሉ ነው። አትክልተኛው "ራበው፣ አላልኩም?" እያለ ዩሪያውን ይዞ ቆሟል። ምን ልበለው?

የአፈር ሰው — ሐምሌ 21

ዩሪያውን ያስቀምጥ። መጀመሪያ የትኛው ቅጠል ነው ቢጫ የሆነው? ታች ያለው አሮጌው ብቻ ከሆነና ቢጫነቱ ወጥ ከሆነ የናይትሮጅን ነገር ሊሆን ይችላል። ጫፉ ላይ ያለው አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ብረት አልደረሰውም ማለት ነው። ላይም ታችም ቢጫ ሆኖ ካጎነበሰ፣ አፈሩም ጭቃ ከሆነ፣ ሥሩ አየር አጥቷል።

አንድ ነገር አድርጊ። ከቢጫዎቹ አጠገብ ክንድ የማይሞላ ጉድጓድ ቆፍሪና ውሃ ሙዪው። ነገ ጠዋት እዪው። የቆፈርሽውንም አፈር አሽትቺው።

የለገጣፎዋ — ሐምሌ 22

ውሃ መሙላት እንኳ አላስፈለገም! ስንቆፍር ራሱ ከጎን እየመነጨ ሞላ። ዛሬ ጠዋትም እንዳለ ነው። አፈሩ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ግራጫም ነገር አለው። አንዱን ሥር ሳብ ሳደርገው ልጡ እጄ ላይ ቀረ፣ ውስጡ እንደ ክር ሆኗል። ራቅ ብሎ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ያለው ጽጌረዳ ግን ሥሩ ነጭ ነው፣ ቅጠሉም ደህና ነው። ቢጫ የሆኑት ሁሉም የጣሪያው አሸንዳ የሚያፈስበት በኩል ናቸው።

የአፈር ሰው — ሐምሌ 22

ጨረስሽው። ሥር ይተነፍሳል፣ ጥቁር አፈር በክረምት ሲጠግብ ደግሞ ቀዳዳው ሁሉ በውሃ ይደፈናል። ኦክስጅን ሲጠፋ አፈሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅኑን ወደ ጋዝ ቀይረው ይለቁታል። በተጨማሪ ሥሩ እየበሰበሰ ስለሆነ አፈሩ ውስጥ ያለውንም መሳብ አይችልም። በዚህ ላይ ዩሪያ መጨመር የታመመን ሰው በግድ ጥሬ ሥጋ እንደማጉረስ ነው።

አሸንዳውን አዙሪ። ከመደቡ ወደ ታች ፈሰስ (ውሃው የሚወርድበት ቦይ) አውጪ፣ ከመደቡ ወለል ክንድ ያህል ጠለቅ ይበል። ጭቃው ላይ አትመላለሱበት፣ ጥቁር አፈር ርጥብ እያለ ከተረገጠ እንደ ጡብ ነው የሚሆነው። ለዘለቄታው የሚበጀው ግን በጋ ላይ ከፍ ያለ መደብ ሠርታችሁ፣ ብዙ ኮምፖስት ቀላቅላችሁ፣ ጽጌረዳውን ጥር ላይ ሲያርፍ ወደዚያ ማዛወር ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጥቁር አፈር ያረሱ ገበሬዎች ፈሰስ የሚያወጡት ያለ ነገር አይደለም።

አቃቂ ልጅ — ሐምሌ 22

የአባቴን ጭልፋ ዩሪያ የት እንደገባ አሁን ገባኝ 😂 እኛ ጋ ክረምት ግቢው ኩሬ ነው።

ሰፈረ ገነት — ሐምሌ 23

ባህር ዛፍስ አለ ወይ አጥሩ ጋ? የእኛ ጎረቤት ባህር ዛፍ ሥሩን በአጥር ሥር አሳልፎ የሮማናችንን ፍግ እየበላ ነው። በበጋ የሰጠነው ውሃ ሁሉ እሱ ጋ ነው የሚሄደው። ከጎረቤት ደግሞ በዛፍ መጣላት አልፈልግም።

ጽጌ ከሱሉልታ — ሐምሌ 23

አትጣላ ልጄ። አጥሩ ሥር ቦይ ቆፍረህ የገባውን ሥር ቁረጠው፣ ግቢህ የገባ የአንተ ነው። በየዓመቱ ግን ትደግመዋለህ፣ እሱ አይተኛም።

የለገጣፎዋ — መስከረም 20

እንኳን አደረሳችሁ! አሸንዳው ዞረ፣ ፈሰሱም ወጣ። ከቢጫዎቹ ጥቂቱ አልዳነም፣ ሌሎቹ ግን ቅጠል አውጥተዋል። አትክልተኛውም አሁን ዩሪያ ሳይሆን ዶማ ይዞ ነው የሚዞረው። ከዚህ በኋላ የሚሰጥ ነገር አለ ወይስ እስከ የካቲት እንረፍ?

ጽጌ ከሱሉልታ — መስከረም 20

እኔ መስከረም ላይ ትንሽ አመድ እሰጣለሁ፣ ግንዱን ያጠነክረዋል። ብርዱን ይችላል።

የአፈር ሰው — መስከረም 21

እማማ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የእርስዎ አፈር ፖታሲየም የሚያንሰው ከሆነ ይጠቅም ይሆናል። እሷ ጋ ያለው ጥቁር አፈር ግን አልራበውም። ያጠነከረው አመዱ ሳይሆን ዩሪያውን ማቆምዎ ነው ባይ ነኝ።

ጽጌ ከሱሉልታ — መስከረም 21

አንተ በመጽሐፍህ፣ እኔ በአመዴ። ጽጌረዳዬን መጥተህ እይና ከዚያ እንነጋገር።

የአፈር ሰው — መስከረም 21

ቡና ካለ እመጣለሁ 🙂 እህቴ፣ ናይትሮጅን ያለበት ነገር ካሁን በኋላ አይሰጥ። ዝናቡ ሲቆም ውሃ ብቻ፣ እያራራቅሽ። የረገፈውን የጽጌረዳ ቅጠል ነጠብጣብ ወይም ዋግ ካለበት አርቂው፣ ንጹሑን ግን እዚያው ተዪው፣ ራሱ ማዳበሪያ ነው።

አዲስ ገቢ — ኅዳር 29

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኔም ሱሉልታ ነኝ። ትናንት ሌሊት ውርጩ የሃይድራንጃዬን ጫፍ ቅጠል አጥቁሮታል። እንዲያገግም ፈሳሽ ማዳበሪያ ልርጭበት? የጠቆረውንስ ልቁረጠው?

ጽጌ ከሱሉልታ — ኅዳር 29

አትርጪ፣ አትቁረጪም። ማዳበሪያ ብትሰጪው ለጋ ቅጠል ያወጣና የሚቀጥለው ውርጭ እሱንም ይበላዋል። የጠቆረው ቅጠል ከሥሩ ያለውን እንቡጥ እየሸፈነልሽ ስለሆነ ጥር እስኪያልቅ ተዪው። ደረቅ አፈር ቶሎ ይበርዳል፣ ስለዚህ ቀን ላይ ሥሩን አጠጪ፣ ማታ በጆንያ ወይም በአሮጌ ነጠላ ሸፍኚው፣ ጠዋት ግለጪለት። ፍጉን ግን ከአሁኑ ሰብስቢ፣ የካቲት ላይ ሁሉም ሰው ነው የሚፈልገው።